ስታርች አልጂኔትን አይተካም፦ ስለ ጥጥ ጨርቅ ኅትመት ማወፈሪያ ግዥ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአነስተኛ የጨርቃ ጨርቅ አምራቾች ግብዓት በጋራ ግዥ ለሚያቀርበው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ለሪአክቲቭ ቀለም ኅትመት የሚቀርበው ማወፈሪያ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በሚገኙ የማምረቻ ሼዶች የጥጥ ጨርቅ በእጅ ስክሪን (ሥዕል በተቀረጸበት ወንፊት) የምናትም ማኅበራት ነን። ሻሽ፣ አንሶላ፣ የጠረጴዛ ልብስና ለሕፃናት የሚሆን ጨርቅ በሪአክቲቭ ቀለም፣ ማለትም ከጥጡ ጋር በኬሚካል በሚተሳሰር ቀለም፣ እናትማለን። ቀለሙን ጨርቁ ላይ የሚሸከመውን ማወፈሪያ፣ ማለትም ሶዲየም አልጂኔትን፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምናገኘው በመሥሪያ ቤትዎ የጋራ ግዥ በኩል ነበር። በቅርቡ ግን መሥሪያ ቤትዎ አልጂኔትን ከግዥ ዝርዝሩ ሰርዞ፣ በምትኩ «የማተሚያ ማወፈሪያ» በሚል ጥቅል ስም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው እንዲያሸንፍ ጨረታ አወጣ። ያሸነፈው ከስታርች የተሠራ ዱቄት ነው። ውሳኔው ሲሰጥ አስተያየታችን አልተጠየቀም፣ ከተሰጠም በኋላ የነገረን የለም። ለውጡን ያወቅነው ከረጢቱ ሼዳችን ደርሶ፣ ዱቄቱ ተበጥብጦ፣ ከታተመበት በኋላ ጨርቁ ታጥቦ ሲደርቅ ነው።

በማመልከቻ ላቀረብነው አቤቱታ የተሰጠን መልስ «ችግሩ የአጠባ ጉድለት ነው» የሚል ብቻ ስለሆነ፣ ጉዳዩን በዝርዝር ጽፈን ለእርስዎም ለሕዝብም ማቅረብ ግድ ሆኖብናል።

በቅድሚያ ማወፈሪያ በእኛ ሥራ ውስጥ ያለውን ቦታ ልናስረዳ እንወዳለን፤ ውሳኔው የተሳተው እዚህ ላይ ነውና። ቀለም በውኃ ብቻ ሟሙቶ ቢታተም በጥጡ ክር እየተሳበ ይንሰራፋል፣ የሥዕሉም ጠርዝ ይጠፋል። ስለዚህ ቀለሙ በወፍራም ፔስት ውስጥ ይገባል። ፔስቱ ቀለሙን በተፈለገው ቦታ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ጨርቁ በስቲመር ውስጥ እንፋሎት ሲያገኝ ደግሞ ቀለሙን ለጥጡ ይለቅለታል፤ በመጨረሻም በአጠባ ከጨርቁ ላይ ተጠርጎ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ካልተሟላ የቀደሙት ሁለቱ ምንም ያህል ቢያምሩ ጨርቁ ለገበያ አይሆንም። የመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያዎች ዱቄቱን ሲረከቡ የመረመሩት ውፍረቱን ብቻ እንደሆነ ነግረውናል። ውፍረት ግን ከሁሉም ቀላሉ ነገር ነው፤ ማንኛውም ዱቄት በበቂ መጠን ቢበጠበጥ ይወፍራል።

ሪአክቲቭ ቀለም ከሌሎቹ የሚለየው ከጥጡ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰር በመሆኑ ነው። ፔስቱ ውስጥ ያለው ሶዲየም ባይካርቦኔት በእንፋሎቱ ሙቀት አልካላይነቱ ሲጨምር፣ ቀለሙ ጥጡ በተሠራበት ሴሉሎስ ላይ ካሉት ሃይድሮክሲል ቡድኖች (ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ፣ ቀለሙ የሚያያዝባቸው ቦታዎች) ጋር ይጣመራል፤ በየጊዜው ሲታጠብ የማይለቀውም ለዚህ ነው። ስታርች ደግሞ እንደ ሴሉሎስ ሁሉ ከግሉኮስ የተሠራ ስለሆነ እነዚያኑ ሃይድሮክሲል ቡድኖች ይዟል። እንግዲህ ቀለሙ ከጥጡ ጋር እንደሚጣመር ሁሉ ከስታርቹም ጋር ይጣመራል። ከስታርቹ ጋር ከተጣመረው ቀለም ከፊሉ በአጠባው ውኃ አብሮ ይፈሳል፤ ሌላው ክፍል ደግሞ ስታርቹን የማይሟሟ አድርጎ ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል። በዚህም ምክንያት ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጨርቁም እንደ ካርቶን ይደርቃል።

ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣው ሶዲየም አልጂኔት ይህ ችግር የለበትም። ከቀለሙ ጋር ቶሎ የሚጣመረው በስድስተኛው ካርቦን ላይ ያለው ሃይድሮክሲል በአልጂኔት ላይ አይገኝም፤ ቦታውን የያዘው ካርቦክሲል የሚባል ሌላ ዓይነት ቡድን ነው። ይህ ቡድን በፔስቱ ውስጥ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ የቀለሙ ሞለኪውልም ኔጋቲቭ ስለሆነ ሁለቱ ይገፋፋሉ። አልጂኔቱ ቀለሙን ለራሱ ሳያስቀር ለጥጡ ያስረክባል፣ ከዚያም በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል። ሪአክቲቭ ቀለሞች እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ከቀረቡ በኋላ የጥጥ አታሚዎች አልጂኔትን መደበኛ ማወፈሪያቸው ያደረጉት በዚህ ጠባዩ ነው። ይህ በጨርቃ ጨርቅ ኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ የታወቀ ነገር ስለሆነ፣ አንድ የዘርፉ ባለሙያ የጨረታ ሰነዱን ቢያየው ኖሮ ስህተቱ ገና ከጅምሩ በታረመ ነበር።

የደረሰብንን ጉዳት በምሳሌ እናቅርብ።

ከአባሎቻችን አንዱ የሴቶች ማኅበር ነው፤ ሻሽ አትሞ ለመርካቶ ነጋዴዎች ያስረክባል። በአዲሱ ዱቄት የታተመው ሻሽ ከስቲመር ሲወጣ ጥቁሩም ሰማያዊውም ደማቅ ነበር። ሲታጠብ ግን ጥቁሩ ወደ ግራጫ ወረደ፤ በተለይ ብዙ ቀለም ያረፈበት ሰፊው የጥለት ክፍል ደርቆ ቀረ። ሻሽ ሲታሰር ካልተጠማዘዘና ካልታጠፈ ሻሽ አይደለም። ነጋዴው ዕቃውን መለሰ፤ ማኅበሩ የጨርቁን ዋጋ በብድር የገዛ ስለሆነ ዕዳው በአባላቱ ላይ ወደቀ። ለእነዚህ ሴቶች እስከ ዛሬ የቀረበ ካሳም ይቅርታም የለም።

ሁለተኛው ማኅበር የሕፃናት አንሶላ የሚያትሙ ወጣቶች ያቋቋሙት ነው። ጨርቁ ሲደርቅባቸው፣ መሥሪያ ቤትዎ በሰጠው ምክር መሠረት አጠባውን ደገሙት፣ በፈላ ውኃና በሳሙናም አቆዩት። በድጋሚ ሲታጠብ ጥጡን ያልያዘው ቀለም በውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ ነጩን የጨርቁን መደብ አበላሸው፤ ሥዕሉ ግን እንደ ደረቀ ቀረ። ለሕፃን የሚነጠፍ አንሶላ ከምንም በላይ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ያን ጨርቅ በየትኛውም ዋጋ የሚወስድ አልተገኘም።

አጠባችን ጉድለት አለበት ለሚለው መልስ ማስረጃ አለን። ዱቄቱ ምን እንደሆነ ከረጢቱ ላይ ስላልተጻፈ፣ ከፋርማሲ ለቁስል የሚሸጠውን አዮዲን ገዝተን በተበጠበጠው ፔስት ላይ ጠብ አደረግንበት፤ ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ ይህ የስታርች ምልክት ነው። ቀጥለን በቀላል ቢጫ ከታተመውና በተደጋጋሚ ተቀቅሎ ከታጠበው ጨርቅ ቁራጭ ወስደን ሁለት ቦታ ላይ አዮዲን አንጠባጠብንበት። ሥዕሉ ያለበት ቦታ ጠቆረ፤ ያልታተመው ነጭ መደብ ግን የአዮዲኑን ቡናማ ብቻ ይዞ ቀረ። ስታርቹ ከሽመና የተረፈ ማጠንከሪያ ቢሆን ኖሮ መደቡም አብሮ መጥቆር ነበረበት። አጠባው ደካማ ቢሆን ኖሮም በአልጂኔት የታተመውና በዚያው ቀን፣ በዚያው በርሜል የታጠበው ሌላ ቁራጭ ለስላሳ ሆኖ ባልወጣ ነበር። ሁለቱን ቁራጮች ለመሥሪያ ቤትዎ አስረክበናል፤ መልስ አልተሰጠንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ክዳኑ ባልታሸገ በርሜል ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የቀለም አምራቾች መመሪያ በ102 ዲግሪ እንፋሎት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል ሲል፣ እኛ በሠራናቸው የእንፋሎት ሳጥኖች ውስጥ ከዚያ የረዘመ ጊዜ እንፈልጋለን፤ ሳሙናውንም ረዘም አድርገን እናፈላለን። ይህን ልዩነት አውቀን ሥራችንን በዚያው ልክ አስተካክለናል። ለዚህ ከፍታ የሚያስፈልገው በቀላሉ የሚታጠብ ማወፈሪያ ሆኖ ሳለ የቀረበልን ግን ፈጽሞ የማይታጠብ ነው።

መሥሪያ ቤትዎ ለውሳኔው በቃል የሰጠን ምክንያት ሁለት ነው፤ አንዱ የውጭ ምንዛሪ ማዳን፣ ሌላው የአገር ውስጥ ምርትን መደገፍ። ሁለቱንም በቅንነት መርምረናቸዋል።

የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ግብዓት ሁሉ ምን ያህል እንደከበደ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። አልጂኔትም የሚገባው ከውጭ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ በኪሎ ዋጋ ሳይሆን በፔስቱ መሠራት አለበት። በ1 ኪሎ የኅትመት ፔስት ውስጥ እኛ የምንጨምረው 30 ግራም ገደማ ቀለም፣ 150 ግራም ገደማ ዩሪያ (በእንፋሎቱ ጊዜ እርጥበት የሚይዝ)፣ 25 ግራም ያህል ባይካርቦኔትና 500 ግራም ገደማ የተበጠበጠ አልጂኔት ነው። ይህ የተበጠበጠው አልጂኔት አራት በመቶ ሆኖ ሲሰላ ደረቁ ዱቄት 20 ግራም ብቻ ይሆናል። ስታርቹ ያንኑ ውፍረት እንዲሰጥ ከእጥፍ በላይ ስለሚፈልግ የኪሎው ርካሽነት ወዲያው ይቀንሳል። በሌላ በኩል በዚያው ፔስት ውስጥ ያለው 30 ግራም ቀለም ከአልጂኔቱ እጅግ የሚወደድ ነው፤ እሱም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከ20 ግራም ማወፈሪያ ላይ ጥቂት ለማትረፍ ተብሎ ከቀለሙ ጉልህ ድርሻ ከስታርች ጋር ወደ ቱቦ እየፈሰሰ ነው። የተበላሸው ጨርቅ፣ የባከነው ዩሪያ፣ የእንፋሎቱ እንጨትና ኤሌክትሪክ ሲጨመርበት፣ ውሳኔው የውጭ ምንዛሪ አድኗል የሚያሰኝ አይደለም።

የአገር ውስጥ ምርትን መደገፍ የሚለውን ዓላማ ከልብ እንጋራዋለን፤ የእኛም ሥራ የአገር ውስጥ ምርት ነው። የአገር ውስጥ ስታርች በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ውስጥ ተገቢ ቦታ አለው። ከሽመና በፊት የድር ክር እንዳይበጣጠስ የሚቀባው ማጠንከሪያ ስታርች ነው፤ ጨርቁ ከተሸመነ በኋላም ይወገዳል። ከጥጡ ጋር በኬሚካል ለማይተሳሰሩ እንደ ቫት ላሉ ቀለሞች ኅትመትም ከስታርች የሚዘጋጁ ማወፈሪያዎች ለረጅም ዘመን ሲያገለግሉ ኖረዋል። መሥሪያ ቤትዎ የአገር ውስጥ ስታርች ለሸማኔዎችና ለፋብሪካዎች በዚህ መንገድ እንዲቀርብ ቢያደርግ እንደግፋለን። ለሪአክቲቭ ኅትመት ስታርች ማቅረብ ግን አምራቹንም አታሚውንም አይጠቅምም፤ ያንን ስታርች ያመረተው ድርጅት ስሙ በማይገባው ቦታ እየተነሣ ነው።

አልጂኔትን የሚመለከት ሌላ እንቅፋትም አለ። አንድ ማኅበራችን ከሌሎች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ በራሱ ሊያስገባ ሲሞክር፣ ከመሥሪያ ቤትዎ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቆ «ዕቃው የምግብ ማጣፈጫ ነው፣ የጨርቃ ጨርቅ ግብዓት ዝርዝር ውስጥ የለም» ተብሎ ተመለሰ። አልጂኔት በአይስክሬምና በመሳሰሉት ምግቦች ውስጥ ኢ401 በሚል መለያ እንደሚገባ እውነት ነው። በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ ግን የአልጂኒክ አሲድ ጨዎች የተፈጥሮ ፖሊመር ሆነው በ3913.10 ሥር የሚመደቡ ናቸው፤ ለጨርቅ ኅትመት የሚሸጠውም ደረጃ ለምግብ ከሚሸጠው የተለየ ነው። አንድ ዕቃ ለምግብም ስለሚያገለግል ብቻ ከአታሚው እጅ መውጣት የለበትም።

አልጂኔት ብቸኛው መፍትሔ ነው አንልም፤ ይህ በግልጽ እንዲታወቅልን እንፈልጋለን። ሃይድሮክሲሎቹ በከፍተኛ መጠን የተተኩበት ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ፣ በተለምዶ ሲኤምሲ የሚባለው፣ ለዚህ ሥራ ይውላል። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ሲኤምሲ ግን ብዙ ነፃ ሃይድሮክሲል ስለሚቀሩበት የስታርቹን ችግር ያመጣል፤ ያልተሻሻለ የጓር ሙጫም እንዲሁ። ከአክሪሊክ አሲድ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ማወፈሪያ ደግሞ ከቀለሙ ጋር አይጣመርም፣ በጥቂት መጠንም ፔስቱን ያወፍራል፤ ነገር ግን ጨው ይጎዳዋል። በዱቄት ቀለም ውስጥ ያለው ጨውና ባይካርቦኔቱ ሲገቡበት ይቀጥናል፣ በእጅ ስኩዊጂ (ፔስቱን በስክሪኑ ላይ በሚገፋ መጥረጊያ) ለሚሠራ ሰው ደግሞ በአንዱ ቀለም ወፍሮ በሌላው የሚቀጥን ፔስት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ተፈትኖ፣ መጠኑ ታውቆ፣ ከአልጂኔት ጋር ተደባልቆ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ለመሞከርም ዝግጁ ነን። የምንቃወመው ያልተሞከረ ነገር በእኛ ጨርቅና በእኛ ዕዳ እንዲሞከር ነው።

«ከሪአክቲቭ ወጥታችሁ በፒግመንት አትሙ» የሚል ምክርም ተሰጥቶናል። በፒግመንት ለሚታተም ቲሸርትና ባነር ገበያ አለ፤ ከአባሎቻችን አንዳንዶቹም ይሠሩታል። ፒግመንት ግን በባይንደር (በማጣበቂያ) አማካይነት ከክሩ ላይ የሚቀመጥ እንጂ ክሩን ዘልቆ የሚይዝ አይደለም። ሰፊ ጥለት ያለበት ሻሽና አንሶላ ሲሆን ይጠነክራል፣ በመፈተግም ይለቃል። ደንበኞቻችን ወደ እኛ የሚመጡት በጥጡ ልስላሴ ላይ ምንም የማይጨምር ኅትመት ፈልገው ስለሆነ፣ ይህ ምክር ሥራችንን ዘግተን ሌላ ሥራ እንድንጀምር ከመንገር አይለይም።

ከማወፈሪያው ጋር አብሮ የተሰረዘውን ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌትም ማንሣት አለብን። ብዙዎቹ ሼዶች የሚጠቀሙት የጉድጓድ ውኃ ነው። በውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየም አልጂኔትን ስለሚያረጋው ፔስቱ ይቋጠራል፣ ስክሪኑንም ይደፍናል። በ1 ኪሎ ፔስት 5 ግራም ገደማ ሄክሳሜታፎስፌት ይህን ይከላከላል። በዝርዝሩ ላይ «የጽዳት ዕቃ» ተብሎ የተሰረዘው ይህ ነው። አልጂኔት ቢመለስና ይህ ባይመለስ በጉድጓድ ውኃ የሚሠሩት ማኅበራት ተጠቃሚ አይሆኑም።

ጉዳቱ በእኛ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ጥጡን ሳይዝ የቀረው ቀለም ሁሉ ከስታርቹ ጋር ወደ ፍሳሽ ይገባል፤ ስታርች ደግሞ በውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን በብዛት የሚወስድ ቆሻሻ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ሥርዓት ተዘርግቶለታል። የእኛ ሼዶች እንዲህ ያለ ነገር የላቸውም፤ የሚወጣው ውኃ በየቦዩ አድርጎ ወደ አቃቂ ወንዝ ገባሮች ይደርሳል። ከታች ያለው ገበሬ በዚያ ውኃ አትክልት ያጠጣል። ቀለም በጥጡ ላይ እንዲቀር የሚያደርግ ማወፈሪያ መምረጥ በእኛ አቅም ልናደርገው ከምንችለው የፍሳሽ ቅነሳ ትልቁ ነው።

በዚህ መሠረት የምንጠይቀው የሚከተለው ነው።

በቅድሚያ፣ በሼዶቻችን የቀረው የስታርች ዱቄት ለሪአክቲቭ ኅትመት እንዳይሰጥ መሥሪያ ቤትዎ በጽሑፍ እንዲያስታውቅና ዱቄቱን ተረክቦ የከፈልነውን ገንዘብ እንዲመልስ። አዳዲስ ማኅበራት ዛሬም ሳያውቁት እየወሰዱት ስለሆነ ይህ ሊዘገይ አይገባም።

ቀጥሎ፣ ሶዲየም አልጂኔትና ሄክሳሜታፎስፌት ወደ ግዥ ዝርዝሩ እንዲመለሱ፤ የሚቀጥለውም የጨረታ ሰነድ «የማተሚያ ማወፈሪያ» በሚል ጥቅል ስም ሳይሆን የዕቃውን ኬሚካላዊ ስም፣ በተወሰነ መቶኛ ሲበጠበጥ የሚሰጠውን ውፍረትና ለየትኛው የቀለም ዓይነት እንደሚውል ገልጾ እንዲወጣ እንጠይቃለን። አቅራቢውም ይህንኑ በከረጢቱ ላይ እንዲጽፍ ይገደድ።

የርክክብ ምርመራው በውፍረት ብቻ እንዳይወሰንም እንጠይቃለን። ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና ተወስዶ ከቀለምና ከባይካርቦኔት ጋር ይበጥበጥ፣ በጥጥ ቁራጭ ላይ ይታተም፣ በእንፋሎት ይለፍ፣ ይታጠብ፤ ከዚያም የቀለሙ ድምቀትና የጨርቁ ልስላሴ በአልጂኔት ከታተመ ቁራጭ ጋር ይነጻጸር። ሥራው ከአንድ ቀን አያልፍም፣ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ክርክር ከተነሣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በገለልተኛነት እንዲመረምረው እንስማማለን፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እንቀበላለን።

በራሳቸው አልጂኔት ማስገባት ለሚፈልጉ ማኅበራት የድጋፍ ደብዳቤ እንዳይከለከል፣ ዕቃውም በጨርቃ ጨርቅ ግብዓት ዝርዝር ውስጥ በስሙ እንዲሰፍር እንጠይቃለን።

በመጨረሻም፣ ጨርቃቸው የተበላሸባቸው ማኅበራት የጉዳት መጠን እኛና የመሥሪያ ቤትዎ ተወካዮች በጋራ በምንቀመጥበት ኮሚቴ ተጣርቶ ካሳ እንዲከፈላቸው፣ ይህ እስኪሆንም የብድር መክፈያ ጊዜያቸው እንዲራዘም ለአበዳሪው ተቋም ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው እንጠይቃለን። የተበላሹት ጨርቆች አልተጣሉም፤ በየሼዱ ተቀምጠዋል፣ ለሚመጣ መርማሪ ሁሉ ክፍት ናቸው።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የጥጥ ጨርቅ የእጅ ስክሪን አታሚ ማኅበራት የጋራ ኮሚቴ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለአባል ማኅበራት በሙሉ
ለየሼዶቹ አስተዳደር